የቤተሰብ የዝናብ ውሃ ማቆር

የቤተሰብ የዝናብ ውሃ ማቆር ማለት በቤት ጣሪያ ወይም በግቢ ላይ የሚወርደውን ዝናብ አሰባስቦ በማጠራቀሚያ በማስቀመጥ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለእጥበት፣ ለከብት ወይም ለጓሮ አትክልት የመጠቀም ዘዴ ነው። ከዝናብ በታች በርሜል ከማስቀመጥ ጀምሮ አሸንዳ፣ ማጣሪያና ትልቅ ታንከር እስካለው ሥርዓት ድረስ የተለያየ ደረጃ አለው። ዝናቡ ራሱ ዋጋ አይከፈልበትም፤ ነገር ግን ውሃውን ለመሰብሰብ፣ ለማስቀመጥና ንጹሕ አድርጎ ለመጠበቅ ገንዘብና ጉልበት ያስፈልጋል። በመሆኑም ዘዴው ለአንድ ቤተሰብ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው በአካባቢው የዝናብ ሥርጭት፣ በጣሪያው ስፋትና ዓይነት፣ በማጠራቀሚያው መጠን እንዲሁም ቤተሰቡ አሁን ውሃ በሚያገኝበት መንገድ ነው።

ታሪክ

በኢትዮጵያ ዝናብን ማቆር ረጅም ታሪክ አለው። በአክሱም ከተማ የሚገኘውና ማይ ሹም የሚባለው ጥንታዊ የውሃ ማጠራቀሚያ በሕዝብ ዘንድ የንግሥተ ሳባ መታጠቢያ ተብሎ ይታወቃል። በገመድ ብቻ በሚወጣበት የደብረ ዳሞ አምባ ላይ የሚኖሩ መነኮሳት ከዓለት ተፈልፍለው በተሠሩ ጉድጓዶች የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ። በኮንሶ ሃርዳ የሚባሉ ኩሬዎች በማኅበረሰቡ ይቆፈራሉ፤ ይጠበቃሉም። በሶማሌ ክልል ደግሞ ቢርካ የሚባለው በሲሚንቶ የተለሰነ የምድር ውስጥ ማጠራቀሚያ በዝናብ ጊዜ ተሞልቶ በድርቅ ወራት ለሰውና ለከብት ያገለግላል።

የቆርቆሮ ክዳን መስፋፋት ለጣሪያ ውሃ ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል። የሣር ክዳን ብዙውን ውሃ ይመጥጣል፤ የሚወርደውም ውሃ ቀለምና ሽታ ይኖረዋል። ቆርቆሮ ግን አብዛኛውን ዝናብ ሳያስቀር ወደ አሸንዳው ያወርዳል።

የሥርዓቱ ክፍሎች

የጣሪያ ውሃ ማቆሪያ ሥርዓት በአብዛኛው የሚከተሉት ክፍሎች አሉት።

ክዳን፦ ዝናቡ የሚያርፍበት ነው። ከቆርቆሮ፣ ከሸክላ ወይም ከኮንክሪት ሊሆን ይችላል። እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀባ ክዳን ለመጠጥ ውሃ አይመረጥም።

አሸንዳና መውረጃ ቱቦ፦ ውሃውን ከክዳኑ ጠርዝ ሰብስቦ ወደ ማጠራቀሚያው ያደርሳል። አሸንዳው ወደ መውረጃው ትንሽ ማዘንበል አለበት፤ አለበለዚያ ውሃ ተኝቶበት ትንኝ ይራባበታል።

ወንፊት፦ ቅጠልና ሌላ ቆሻሻ ወደ ማጠራቀሚያው እንዳይገባ ይከለክላል።

የመጀመሪያ ውሃ ማስወገጃ፦ ከደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው ዝናብ በክዳኑ ላይ የተከማቸውን አቧራ፣ ጥላሸትና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ፣ የመጀመሪያውን ውሃ ለይቶ የሚያስቀር ቱቦ ነው። በተለምዶ ለእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ክዳን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ውሃ እንዲወገድ ይመከራል። ለ50 ሜትር ካሬ ክዳን ይህ ከ25 እስከ 50 ሊትር ነው።

ማጠራቀሚያ፦ በርሜል፣ በተለምዶ ሮቶ የሚባለው የፕላስቲክ ታንከር፣ በሽቦ መረብና በሲሚንቶ የተሠራ ጋን ወይም የምድር ውስጥ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ከሥርዓቱ ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ ክፍል ነው።

መቅጃና ማስተንፈሻ፦ ውሃው በቧንቧ እንዲቀዳና ታንከሩ ሲሞላ ትርፉ ከቤቱ መሠረት ርቆ እንዲፈስ ያደርጋሉ።

የሚገኘው የውሃ መጠን

በ1 ሜትር ካሬ ቦታ ላይ የሚጥል 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ጣሪያ የሚገኘው ውሃ በሚከተለው ስሌት ይገመታል።

የውሃ መጠን በሊትር = የክዳን ስፋት በሜትር ካሬ × ዝናብ በሚሊሜትር × የመሰብሰብ አቅም

የክዳን ስፋት የሚለካው ከላይ ሲታይ በሚሸፍነው መሬት እንጂ በክዳኑ ተዳፋት ርዝመት አይደለም። የመሰብሰብ አቅም ሳይባክን የሚሰበሰበው ድርሻ ነው፤ ለቆርቆሮ ክዳን ብዙ ጊዜ ከ0.8 እስከ 0.9 ይወሰዳል።

አዲስ አበባ በዓመት በግምት 1,100 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች። ለ50 ሜትር ካሬ የቆርቆሮ ክዳን 50 × 1,100 × 0.8 = 44,000 ሊትር ይሆናል። መቀሌ በግምት 600 ሚሊሜትር ስለምታገኝ ተመሳሳይ ክዳን 24,000 ሊትር ይሰጣል። ድሬዳዋም ከመቀሌ ጋር የሚቀራረብ የዓመት ዝናብ አላት። ይሁን እንጂ የመቀሌ ዝናብ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ሲጥል የድሬዳዋ በበልግና በክረምት ይከፈላል። ዝናቡ በሁለት ወቅት ሲከፈል አንድ ታንከር በዓመት ደጋግሞ ስለሚሞላ፣ የዓመቱ ድምር እኩል ቢሆን እንኳ አነስ ያለ ታንከር ይበቃል።

የማጠራቀሚያ መጠን

የዓመቱ ዝናብ ለቤተሰብ ፍጆታ የሚበቃ መስሎ ቢታይም ዋናው ችግር ዝናቡ በጥቂት ወራት መምጣቱ ነው። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢጠቀም ዕለታዊ ፍጆታው 100 ሊትር ነው። 20 ሊትር የዓለም ጤና ድርጅት ለመሠረታዊ አገልግሎት የሚጠቅሰው መጠን ነው። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ 240 ቀናት አሉ፤ በዚህ ጊዜ ምንም ዝናብ ባይጥል ቤተሰቡ 24,000 ሊትር ይፈልጋል። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ በሰው 5 ሊትር ከተመደበ ግን የሚያስፈልገው 240 × 25 = 6,000 ሊትር ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ከ800 ሚሊሜትር ባያንስ፣ 50 ሜትር ካሬ ክዳን በክረምት 32,000 ሊትር ይሰበስባል። በክረምቱ 120 ቀናት ቤተሰቡ በቀን 100 ሊትር ከታንከሩ ቢጠቀም 12,000 ሊትር ይወስዳል፤ ክረምቱ ሲያበቃም ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ይቀራል። በዚህ መሠረት በዓመት የሚገኘው ጥቅም እንደሚከተለው ነው።

2,000 ሊትር ታንከር፦ 12,000 + 2,000 = 14,000 ሊትር፣ ማለትም 700 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን።

10,000 ሊትር ታንከር፦ 12,000 + 10,000 = 22,000 ሊትር፣ ማለትም 1,100 ጀሪካን።

20,000 ሊትር ታንከር፦ 12,000 + 20,000 = 32,000 ሊትር፣ ማለትም 1,600 ጀሪካን።

ታንከሩ አምስት እጥፍ ሲያድግ የሚገኘው ውሃ በ57 በመቶ ብቻ ይጨምራል። ከ20,000 ሊትር በላይ የሆነ ታንከር ደግሞ በዚህ ክዳንና በክረምቱ ዝናብ ብቻ አይሞላም። በሌላ በኩል ትንሹ ታንከር ከክረምት በኋላ በቀን 100 ሊትር ሲቀዳ በ20 ቀን ያልቃል፤ የ10,000 ሊትሩ ግን 100 ቀን ያቆያል።

ወጪዎች

የመጀመሪያው ወጪ ታንከሩን፣ አሸንዳውን፣ ቱቦውን፣ ወንፊቱን፣ የታንከሩን መቀመጫ መሠረትና የሠራተኛ ክፍያን ያጠቃልላል። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ስለሚመዝን መቀመጫው ጠንካራና ደልዳላ መሆን አለበት። ክዳኑ አስቀድሞ ካለ ወጪ ሆኖ አይቆጠርም፤ የሣር ክዳን በቆርቆሮ የሚቀየር ከሆነ ግን ወጪው በእጅጉ ይጨምራል። በዚህም ምክንያት ዘዴው ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው የተሻለ ቤት ያለውን እንጂ በጣም ድሃ የሆነውን ቤተሰብ አይደለም።

ተከታታይ ወጪ አሸንዳ መጥረግን፣ ታንከሩን በዓመት አንድ ጊዜ ከክረምት በፊት ማጠብን፣ የተሰነጠቀ ሲሚንቶን መጠገንን፣ የተበላሸ መቅጃ መቀየርንና ውሃ ማከሚያ መግዛትን ይጨምራል። ሥራው ከባድ ባይሆንም ካልተሠራ የውሃው ጥራት ይወድቃል። በኪራይ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ከቤቱ ሲወጣ አሸንዳውንና መሠረቱን ይዞ መሄድ ስለማይችል ገንዘቡን ለማውጣት ያመነታል።

ጥቅሞች

የመጀመሪያው ጥቅም ጊዜና ጉልበት ማትረፉ ነው። አንድ ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎግራም ገደማ ይመዝናል። በገጠር ውሃ የመቅዳት ሥራ በአብዛኛው በሴቶችና በልጃገረዶች ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ 700 ጀሪካን በደጅ ማግኘት ማለት በርካታ የምንጭ ጉዞዎችን ማስቀረት ማለት ነው። ይህ ጥቅም በብር ስለማይከፈል ብዙ ጊዜ በስሌት ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥቅም መጠባበቂያ መሆኑ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅባቸው ከተሞች ታንከር ያለው ቤተሰብ ውሃ ሲጠፋ ከቦቴ ወይም ከጀሪካን ሻጭ በውድ አይገዛም። ያው ታንከር በበጋ የቧንቧ ውሃ ለማጠራቀም ስለሚያገለግል ወጪው ለሁለት ጥቅም ይካፈላል።

ሦስተኛ፣ የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው። በውስጡ የሟሟ ማዕድን ጥቂት ስለሆነ ሳሙና በቀላሉ ያረፋል፤ በማንቆርቆሪያም ላይ ነጭ ቅርፊት አይፈጥርም። አንዳንድ ሰዎች ግን በዚሁ ምክንያት ጣዕም የለውም ይላሉ።

አራተኛ፣ ከጣሪያ የሚወርደው ጎርፍ ይቀንሳል፤ የግቢ አፈርም አይሸረሸርም። ሆኖም ታንከሩ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ዝናብ እንደ ቀድሞው ስለሚፈስ አነስተኛ ታንከር ከባድ ጎርፍን አያስቀርም።

የጤና ጉዳዮች

የውሃ ጥራት

በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የጋራ አመዳደብ የዝናብ ውሃ ከተሻሻሉ የውሃ ምንጮች አንዱ ነው። ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ሳይታከም ይጠጣል ማለት አይደለም። ከወፍ፣ ከአይጥና ከድመት ኩስ የሚመጡ ጀርሞች ወደ ታንከሩ ሊገቡ ይችላሉ። ለመጠጥ የሚውለው ውሃ እንዲፈላ፣ እንዲጣራ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባሉ የክሎሪን ማከሚያዎች በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን እንዲታከም ይመከራል። በባልዲ ከመጥለቅ ይልቅ በመቅጃ መቅዳት፣ ታንከሩንም ከድኖ ከብርሃን መከላከል የውሃውን ብክለትና የአልጌ መብቀልን ይቀንሳሉ።

ፍሎራይድ

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ዘዴው ከገንዘብ በላይ የሆነ ጥቅም አለው። በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃ የፍሎራይድ መጠን በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን ይበልጣል። ይህን ውሃ ለረጅም ጊዜ መጠጣት የጥርስ መበለዝን፣ ሲብስም የአጥንት መጣመምንና ሕመምን ያስከትላል። ፍሎራይድ በማፍላት አይወገድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይከማቻል። የዝናብ ውሃ ግን ፍሎራይድ የለውም ለማለት ይቻላል። በእነዚህ አካባቢዎች ሁሉንም ፍጆታ ባይሸፍንም ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነውን 6,000 ሊትር ማቆር፣ በተለይ ጥርሳቸው ገና በማደግ ላይ ላለ ሕፃናት፣ ትልቅ ትርጉም አለው።

ትንኝ

የተጠራቀመ ውሃ ካልተከደነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። የትንኝ እንቁላል በሞቃት አየር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሪ ትንኝ ይሆናል። ኤዲስ ኢጂፕታይ የተባለችው የደንጊ አስተላላፊ ትንኝ በቤት ውስጥ ባሉ ዕቃዎች በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ በድሬዳዋም በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ወረርሽኝ ተከስቷል። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ ደግሞ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች። ይህች ትንኝ ከሌሎቹ የወባ ትንኞች በተለየ በበርሜል፣ በታንከርና በቢርካ መራባት ስለምትችል ወባን ወደ ከተሞች ታመጣለች። በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል።

በትግራይ በትናንሽ ግድቦች አካባቢ ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከግድብ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ግድብና የተዘጋ ታንከር አንድ ባይሆኑም፣ ውሃ የማቆር ሥራ ያለ ትንኝ መከላከል የጤና ወጪ እንደሚያስከትል ያመለክታል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ክዳኑን ገጥሞ መዝጋት፣ በመግቢያና በማስተንፈሻው ላይ ደቃቅ መረብ ማሰር፣ አሸንዳን መጥረግ።

ወጪና ጥቅምን ማመዛዘን

ቀላሉ ዘዴ የዓመቱን ወጪ በዓመት በሚገኘው ውሃ ማካፈል ነው።

የአንድ ጀሪካን ወጪ = (የመጀመሪያ ወጪ ÷ የአገልግሎት ዘመን + የዓመት ጥገና) ÷ በዓመት የሚገኝ ጀሪካን

የሚከተሉት የብር መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ባለ 2,000 ሊትር ሥርዓት 35,000 ብር ቢፈጅ፣ 10 ዓመት ቢያገለግልና የዓመት ጥገናው 700 ብር ቢሆን፣ የዓመት ወጪው 4,200 ብር ይሆናል። ይህ ለ700 ጀሪካን ሲካፈል አንዱ ጀሪካን 6 ብር ይደርሳል። ባለ 10,000 ሊትሩ ሦስት እጥፍ ቢፈጅ የዓመት ወጪው 12,600 ብር፣ የጀሪካኑም ወጪ 11 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይሆናል።

ሁለቱን ለማወዳደር አማካዩ ብቻ አይበቃም። ትልቁ ታንከር ከትንሹ በላይ የሚሰጠው 400 ጀሪካን ሲሆን ተጨማሪ ወጪው 8,400 ብር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተጨማሪ ጀሪካን 21 ብር ያስወጣል። እነዚህ 400 ጀሪካኖች ግን የሚገኙት በበጋ፣ ምንጭ በሚደርቅበትና የጀሪካን ዋጋ በሚወደድበት ጊዜ ነው። በመሆኑም ትልቅ ታንከር የሚያዋጣው የበጋ ጀሪካን ዋጋ፣ የሰልፍና የመንገድ ጊዜ ተጨምሮበት፣ በዚህ ምሳሌ ከ21 ብር ሲበልጥ ነው።

ገንዘቡ በብድር ከተገኘ ወለዱ በዓመት ወጪው ላይ ይደመራል። ታንከሩ ከታሰበው ዘመን በፊት ከተሰነጠቀ ወይም ዝናቡ ካነሰም ስሌቱ ይለወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግምት በአማካይ ዝናብ ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ የዝናብ ዓመትም መሥራት ይመከራል።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት ከምግብ ዋስትና ሥራ ጋር አያይዞ በአማራ፣ በትግራይና በሌሎች ክልሎች የቤተሰብ ኩሬዎችን በብዛት አስቆፍሯል። ዓላማው በዋናነት ለጓሮ አትክልትና ለተጨማሪ መስኖ ነበር። አንዳንዶቹ በሲሚንቶ፣ ሌሎቹ ጂኦሜምብሬን በሚባል ወፍራም ፕላስቲክ ተሸፍነዋል። ሽንኩርትና ሌላ አትክልት አምርተው ገቢያቸውን ያሻሻሉ ገበሬዎች ቢኖሩም ብዙ ኩሬዎች ሳያገለግሉ ቀርተዋል። ለዚህም የሲሚንቶ መሰንጠቅ፣ የውሃ ስርገት፣ የደለል መሙላት፣ ቦታው በጥድፊያ መመረጡና የውሃ መሳቢያ አለመኖሩ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ያልተከደነ ኩሬ በትነትም ብዙ ያጣል፤ በቀን 5 ሚሊሜትር ቢተን በ120 ቀን 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይጠፋል። ለሰውና ለእንስሳት የመውደቅ አደጋም ስላለው አጥር ያስፈልገዋል።

በሌሎች አገራት

በቤርሙዳ አዳዲስ ቤቶች የጣሪያ ውሃ እንዲያቁሩ ሕግ ያስገድዳል፤ ነጭ የኖራ ድንጋይ ክዳኖቹም የደሴቶቹ መለያ ሆነዋል። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. 2,000 ሊትር ያህል የሚይዙ የሲሚንቶ ጋኖች በሚሊዮኖች ተሠርተዋል። በብራዚል ደረቃማ አካባቢ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ ሚሊዮን ጉድጓዶች መርሐ ግብር ለየቤተሰቡ 16,000 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ ሲያዳርስ ቆይቷል፤ ውሃው በረጅሙ የድርቅ ወቅት ለመጠጥና ለምግብ እንዲውል የታሰበ ነው። በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር ከ1995 እ.ኤ.አ. ድርቅ በኋላ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መሰብሰቢያ ሜዳ፣ ሁለት ማጠራቀሚያና አንድ ማሳ የሚያዘጋጅ ዕቅድ ተግባራዊ ሆኗል።

የሚያዋጣበትና የማያዋጣበት ሁኔታ

ዘዴው በአብዛኛው የሚያዋጣው ቆርቆሮ ክዳን ላለው፣ ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳ ወይም በጀሪካንና በቦቴ ለሚገዛ፣ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ወይም ጨው ላለበት እንዲሁም ዝናቡ በሁለት ወቅት ለሚከፈልበት ቤተሰብ ነው። ያልተቋረጠና ርካሽ የቧንቧ ውሃ ለሚያገኝ ቤተሰብ ግን ወጪውን በውሃ ክፍያ ቁጠባ ብቻ ለመመለስ ረጅም ዓመታት ይወስዳል።

በጀቱ ውስን ሲሆን በትንሽ ታንከር ጀምሮ አሸንዳውን፣ ወንፊቱንና የትንኝ መከላከያውን በሚገባ መሥራት፣ ትልቅ ታንከር ገዝቶ እነዚህን ከመተው ይሻላል። ተጨማሪ ታንከር በኋላ ከመጀመሪያው ጋር በቱቦ ሊገናኝ ይችላል። ትንሽ ታንከር ዓመቱን በሙሉ ባያደርስም፣ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ከተመደበ 2,000 ሊትር ለአምስት ሰው 80 ቀን ይበቃል።